ለሚመላለስ የአፍ ቁስለት የሚቀባው ፔስት አልይዝ አለኝ፤ እንዴት ነው የምትጠቀሙት?

ጎህ_ቀደደ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አፌ ውስጥ ቁስል መመላለስ ከጀመረኝ ዓመታት አልፈዋል። አንዳንዴ ከንፈሬ ከውስጥ በኩል፣ አንዳንዴ ጉንጬ ላይ፣ ሲብስበት ደግሞ ምላሴ ሥር ይወጣል። መጀመሪያ ቦታው ቆጥቆጥ ያደርገኛል። በማግስቱ መሃሉ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ፣ ዙሪያው የቀላ ክብ ቁስል ሆኖ አገኘዋለሁ። አንዱ ሻረ ስል ሌላው ይተካል። መብላቱስ ይቅር፣ ማውራት እንኳ የሚጨንቀኝ ጊዜ አለ፤ ሥራዬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር መነጋገር ነው።

በቅርቡ ያየኝ ሐኪም ትራይአምሲኖሎን 0.1 ፐርሰንት የሚባል፣ አፍ ውስጥ የሚቀባ ፔስት አዘዘልኝ። ችግሩ አይይዝልኝም። በጣቴ አድርጌ ቁስሉን ሳሸው ፔስቱ ይፈረፈራል፣ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ከዚያ ከቁስሉ ላይ ተነሥቶ ምላሴ ላይ ይቀራል። የምትጠቀሙበት ሰዎች እንዴት ነው የምትቀቡት? በቀን ስንት ጊዜ? ደግሞስ እንዳይመለስ ያደርጋል ወይስ የወጣውን ብቻ ነው የሚያሽረው? እባካችሁ የምታውቁ አካፍሉኝ።

መድኃኒት_ቀማሚ፦

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለምሰማ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ፔስቱ ሁለት ነገር ነው። አንዱ መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ ትራይአምሲኖሎን ስቴሮይድ ሲሆን ቁስሉ ላይ ያለውን ብግነት ያበርዳል። ሌላው መድኃኒቱን የተሸከመው መሠረት ነው። መሠረቱ ጄላቲን፣ ፔክቲንና ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ የሚባሉ ዱቄቶች ዘይትነት ባለው ጄል ውስጥ ተበትነው የተሠራ ነው። እነዚህ ዱቄቶች እርጥበት ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ይሙለጨለጫሉ፣ ሥጋው ላይም ይጣበቃሉ። ስታሺው ግን ገና ሳይጣበቁ እርስ በርሳቸው ይጓጉላሉ። ያ አሸዋ አሸዋ የሚልሽ እሱ ነው። ስለዚህ ፔስቱ አልተበላሸም፣ ጊዜውም አላለፈም ብዬ እገምታለሁ (ቢሆንም ቱቦው ላይ ያለውን ቀን እይው)።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ከበላሽና ጥርስሽን ከቦረሽሽ በኋላ አፍሽን በውኃ ተጉመጥመጪ። ከንፈርሽን ወይም ጉንጭሽን ገልበጥ አድርገሽ ይዘሽ ቁስሉንና ዙሪያውን በንጹሕ ጎዝ ወይም በሶፍት ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂው፤ አትፈትጊው። ከዚያ ከቱቦው ትንሽ፣ ቢበዛ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አውጪ። በታጠበ ጣትሽ ጫፍ ወይም በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ቁስሉ ላይ አስቀምጪና ቀስ ብለሽ ጫን አድርጊው። ስስ ሽፋን ሆኖ ሲያንሸራትት ታውቂዋለሽ፤ ያኔ ተዪው። ከንፈርሽን ለአፍታ እንደገለበጥሽ ብታቆዪው ምራቅ ሳይደርስበት ይይዛል። ከቀባሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አትብዪ፣ አትጠጪ፣ በምላስሽም አትነካኪው።

ዋናው ሰዓት ማታ ከመተኛትሽ በፊት ነው። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፣ አፍም ያርፋል፤ መድኃኒቱ ቁስሉ ላይ ረጅም ጊዜ የሚቆየው ያኔ ነው። ሕመሙ ከበረታብሽ ቀን ላይ ከምግብ በኋላ ጨምረሽ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መቀባት ይቻላል። በ7 ቀን ውስጥ ለውጥ ካላየሽ መቀባቱን አትቀጥዪ፤ ሐኪሙ ጋር ተመለሺ።

ለመጨረሻው ጥያቄሽ፣ አዎ፣ የሚያሽረው የወጣውን ብቻ ነው። ሕመሙን ይቀንሳል፣ የቁስሉንም ዕድሜ ያሳጥራል። ነገ ሌላ ቦታ እንዳይወጣ የማድረግ አቅም የለውም። በየጊዜው የሚመላለስ ከሆነ ለምን እንደሚመላለስ ለብቻው መፈለግ አለበት።

ሳይረፍድ፦

ከተጠቃሚነት ልምዴ አንድ ነገር ልጨምር። ቁስሉ እስኪከፈት አትጠብቂ። ገና ቆጥቆጥ ሲያደርግሽ፣ ቦታው ቀላ ብሎ ምንም ቁስል ሳይታይበት ጀምሪው። እኔ ያን ጊዜ ከቀባሁ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ሦስት ቀን ቆይቼ ስጀምር ግን ያው የራሱን ጊዜ ጨርሶ ነው የሚሄደው።

ተጠራጣሪው፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ስቴሮይድ ነው እያላችሁ እንዲህ በቀላሉ አፍ ውስጥ ቀቡ ማለት ተገቢ ነው? ዘመዴ ለሌላ ሕመም የሚዋጥ ስቴሮይድ ወስዳ ፊቷ አብጦ፣ አጥንቷ ሳስቶ አይቻለሁ። በራሱ ጊዜ ለሚድን ቁስል እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባት ለምን ያስፈልጋል? እኔ ሲያመኝ ዝም ብዬ እችለዋለሁ።

መድኃኒት_ቀማሚ፦

ስጋትህ ተገቢ ነው ወንድሜ። ዘመድህ ላይ የደረሰው ግን በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሚመጣ ነው። እዚህ የምንናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ነጥብ ፔስት፣ ለጥቂት ቀናት ነው። ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ጥቂት ነው። ይህ ማለት ግን እንደልብ ይቀባ ማለት አይደለም። ቁስል በሌለበት ለመከላከል ተብሎ በየቀኑ ለወራት መቀባት፣ ብዙ ቦታ ላይ በብዛት መቀባት፣ ልጆችን ሐኪም ሳያያቸው መቀባት ልክ አይደለም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ቀድማ መጠየቅ አለባት።

በብዛት የምናየው የጎንዮሽ ችግር ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ነው። አፍ ውስጥ ነጭ፣ ሲጠረግ የሚለቅና ሥሩ የቀላ ነገር ከተጋገረ ፔስቱን አቁሞ መታየት ያስፈልጋል። ስኳር በሽታ ያለበት፣ ለአስም የሚነፋ ስቴሮይድ የሚወስድ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርግ ሰው ለዚህ ይበልጥ ተጋላጭ ነው።

ስቴሮይድ አልፈልግም ለሚል ሌሎች አማራጮች አሉ። አምሌክሳኖክስ 5 ፐርሰንት የሚባል ስቴሮይድ ያልሆነ ፔስት በአሜሪካ በ1996 ለዚሁ ቁስል ተፈቅዶ ነበር፤ በቀን አራት ጊዜ የሚቀባ ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ አይገኝም። መድኃኒት የሌለበት፣ ቁስሉን ብቻ የሚሸፍን መከላከያ ፔስትም አለ፤ ምግብና ምራቅ እንዳይነካው ማድረጉ ብቻውን ያሳርፋል። ክሎርሄክሲዲን ያለበት መጉመጥመጫ ቁስሉ እንዳይመረቅዝ ይረዳል፤ ሲቆዩበት ግን ጥርስን ያጠቁራል፣ ጣዕምንም ይለውጣል። ለብ ባለ ውኃ የተበጠበጠ ጨው ደግሞ ማንንም አይጎዳም።

የሦስት_ልጆች_እናት፦

ሰላም ዶክተሮች። የአራት ዓመት ልጄ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያተኩሰዋል። ድዱ በጣም ቀልቶ አብጧል፣ ሲነካም ይደማል። አሁን ደግሞ ምላሱና ከንፈሩ ላይ ብዙ ትንንሽ ውኃ የቋጠሩ ነገሮች ወጥተው እየፈረጡ ነው። ምግብ በፍጹም እምቢ አለ፣ ምራቁ ይዝረከረካል። እኔ የምቀባው ፔስት ቤት አለ፤ ትንሽ ብቀባው ችግር አለው?

የጥርስ_ሐኪም፦

እባክዎ እንዳይቀቡት። ሳያዩ በሽታን መወሰን ባይቻልም የገለጹት ነገር ከሚመላለሰው ቁስለት ይልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዝ የሄርፒስ ቫይረስ ይመስላል። ትኩሳት፣ ያበጠ ቀይ ድድ፣ ብዙ ውኃ የቋጠሩ ነጥቦች፣ ምራቅ መዝረክረክ፣ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የምናስበው እሱን ነው። ስቴሮይድ በቫይረስ ላይ ሲቀባ የሥጋውን መከላከያ ስለሚያዳክም ነገሩን ያብሰዋል።

ልጅዎን ዛሬውኑ ያሳዩት። የቫይረሱ መድኃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው። እስከዚያው ትልቁ አደጋ የውኃ ማነስ ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር በጥቂት በጥቂቱ፣ በማንኪያም ቢሆን ያጠጡት። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ከደከመ ወረፋ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። በጣቱ ዓይኑን እንዳያሽ ይጠብቁት፤ ቫይረሱ ወደ ዓይን ሊሻገር ይችላል። እርስዎም እጅዎን ይታጠቡ፤ የእሱን ማንኪያና ኩባያ ሌሎቹ ልጆች አይጠቀሙበት።

ሌሎች እናቶችም እንዲያነቡት አንድ ነገር ልጨምር። ለጥርስ ማብቀል ተብሎ የሚሸጥ ቤንዞኬይን ያለበት ማደንዘዣ ጄል ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይቀባም። ደም ኦክስጅን መሸከም እንዳይችል የሚያደርግ አደገኛ ሁኔታ ስለሚያስከትል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 በግልጽ አስጠንቅቆበታል። ሳሊሲሌት ያለበት የአፍ ጄልም ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም።

የሦስት_ልጆች_እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። አሁኑኑ ይዤው እየወጣሁ ነው።

ጎህ_ቀደደ፦

ኧረ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ዶክተር፣ ታዲያ እኔስ የኔ ቁስል ሄርፒስ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ? ከንፈሬ ላይ ከውጭ በኩል አልፎ አልፎ ምች ይመታኛል። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

የጥርስ_ሐኪም፦

ይለያያሉ። ከንፈር ዳር ላይ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈርጦ፣ ቅርፊት የሚይዘው ምች የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ ይተላለፋል። የሚመላለሰው የአፍ ውስጥ ቁስለት ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከመጀመሪያውም ውኃ አይቋጥርም። የሚወጣበት ቦታም ብዙውን ጊዜ ይለየዋል። እጅሽን ታጠቢና አፍሽን ዳስሺው፤ የከንፈርና የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል፣ የምላስ ሥር፣ ከላንቃ ወደ ኋላ ያለው ለስላሳው ክፍል ሥጋው የሚንቀሳቀስና ስስ ነው። ቁስለቱ የሚወደው እነዚህን ነው። ሄርፒስ ሲመለስ ግን አጥንት ላይ የተለጠፈውን ጠንካራውን ሥጋ፣ ማለትም ጥርስ ሥር ያለውን ድድና የላንቃን የፊት ክፍል ይመርጣል። ከንፈርሽ ላይ ከውጭ ለሚወጣው ይህን ፔስት አትጠቀሚበት።

የሚመላለሰው የአፍ ውስጥ ቁስለት ሦስት ዓይነት መልክ አለው። የብዙው ሰው ትንሹ ዓይነት ነው፤ ስፋቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ትልቁ ዓይነት ከ10 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ይጠልቃል፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይቆያል፣ ሲድንም ጠባሳ ይተዋል። ሦስተኛው የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ በርካታ ቁስሎች በአንድ ጊዜ የሚወጡበት ነው። ፔስት ምቹ የሚሆነው ለመጀመሪያው ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ነጥቦችን አንድ በአንድ መቀባት አይቻልም፤ ለእነሱ መጉመጥመጫ ይሻላል።

አሁን የምጽፈውን ግን ሁላችሁም ያዙልኝ። አንድ ቦታ ላይ ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል፣ ቢያምም ባያምም፣ በሐኪም መታየት አለበት። በተለይ ጠርዙ የጠነከረ፣ ሲዳሰስ ድርቅ የሚል፣ በቀላሉ የሚደማ፣ ወይም አንገት ላይ እብጠት አብሮት ካለ ናሙና መወሰድ ይኖርበታል። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ሰው ፔስት እየቀባ፣ ሲያልቅበት እየገዛ ወራት ካሳለፈ በኋላ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ እንደዚያ ሆኖ የመጣ ሰው ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ሲጋራ፣ ትምባሆ ማኘክና አልኮል የሚያበዛ ሰው ለዚህ ነገር ጨርሶ መዘናጋት የለበትም።

ሲጋራ_ያቆምኩ፦

ሲጋራ ካነሣችሁ እኔም ልጠይቅ። ለብዙ ዓመታት ሳጨስ አንድም ቀን አፌ ቆስሎ አያውቅም። ካቆምኩ ወዲህ ግን እየተከታተለ ያቆስለኛል። ጓደኞቼ “ሰውነትህ ለምዶት ነው፣ ትንሽ ትንሽ አጭስ” ይሉኛል። እውነት ለመናገር አንዳንዴ ሕመሙ ሲብስብኝ እፈተናለሁ።

የጥርስ_ሐኪም፦

ወንድሜ፣ አደራ እንዳትመለስ። ያየኸው ነገር በእርግጥ የታወቀ ነው፤ አጫሾች ላይ ይህ ቁስለት ብዙም አይታይም፣ ሲያቆሙ ደግሞ ብቅ ይላል። ጭሱ የአፍን ሥጋ ስለሚያደነድነው ነው የሚል ግምት አለ። መደንደኑ ግን ጤና አይደለም፤ ያው ጭስ የአፍ ካንሰርም ያመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ካቆሙ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይብስና እያደር ይበርዳል። ይህን ጊዜ ለመሻገር ፔስቱ ጥሩ አጋዥ ነው። ካልበረደልህ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው ምርመራ አድርግ።

ሲጋራ_ያቆምኩ፦

አመሰግናለሁ ዶክተር። ይህን ለጓደኞቼ አስነብባቸዋለሁ።

ቤተሰባዊ፦

ወደ ጥያቄው ልመለስና፣ ማንም ያላነሣው ነገር የጥርስ ሳሙና ነው። አረፋ እንዲያወጣ የሚጨመርበት ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት የሚባል ነገር አለ። እህቴ እሱ የሌለበትን ሳሙና ከያዘች ወዲህ ቁስለቱ በግልጽ ቀንሶላታል። ከቱቦው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ሌላው ደግሞ ጉንጭን የሚፈትግ የተሰበረ ጥርስ ወይም የጥርስ ማስተካከያ ብረት ካለ መጀመሪያ እሱን ማስተካከል ነው። እኛ ቤት እናታችንም፣ አያታችንም ነበረባቸው፤ በዘር ይሄዳል መሰለኝ።

የጥርስ_ሐኪም፦

ትክክል ነው፣ በዘር የመሄድ ዝንባሌ አለው፤ ሁለቱም ወላጆች ካለባቸው ልጆቹ ላይ ይበልጥ ይታያል። የሳሙናው ነገር ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ድምፅ ባይሆኑም ለብዙ ሰው ይሠራል፤ ለመሞከርም ምንም ጉዳት የለውም። ለጥቂት ወራት ቀይሮ ማየት ነው።

ደመ_ግቡ፦

ጎህ ቀደደ እህቴ፣ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። እኔም ፔስቱን በደንብ መቀባት ችዬ ነበር፣ ይሠራልኝም ነበር፤ ግን አንዱን ሳሽር ሌላው ይወጣል። በኋላ አንዲት ጠቅላላ ሐኪም አፌን አይታ ስትጨርስ ስለ አፌ መጠየቋን ትታ ስለ ወር አበባዬ ጠየቀችኝ። ብዙ ይፈስሻል ወይ? ደረጃ ስትወጪ ልብሽ ይመታል ወይ? ፀጉርሽ ይነቃቀላል ወይ? ሁሉም ነበረብኝ፣ ከአፌ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። ደም ተመረመርኩ። የሄሞግሎቢን መጠኔ ብዙም አልወረደም ነበር፤ ፌሪቲን የሚባለው የብረት ክምችት ግን ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የብረት እንክብል ጀመርኩ፣ የወር አበባውም ታከመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ቁስለቱ እየራቀ ሄደ። ዛሬም አልፎ አልፎ ይወጣብኛል፤ ያኔ ፔስቷን አወጣለሁ። እንደ ድሮው ግን አይደለም።

የሁሉም ሰው ምክንያት ብረት ነው ማለቴ አይደለም። ግን ደም ሳትመረመሪ ዝም ብለሽ እየቀባሽ እንዳትኖሪ ብዬ ነው።

ጎህ_ቀደደ፦

ልብሽ ይመታል ወይ ያልሽው አስደነገጠኝ። እኔም ቶሎ ይደክመኛል፤ የሥራ ብዛት ነው ብዬ ነው የተውኩት። ምን ምን ልመርመር?

መድኃኒት_ቀማሚ፦

ሐኪምሽ የሚወስነው ሆኖ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዙት ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ፌሪቲን፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ፎሌት ናቸው። ሆድሽን የሚነፋሽ፣ ተቅማጥ የሚመላለስብሽ፣ ያለ ምክንያት የምትከሺ ከሆነ የሴሊያክ (ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ምርመራም ይጨመራል። የኤችአይቪ ምርመራም ተገቢ ነው፣ በተለይ ቁስሎቹ ትልልቅና የማይድኑ ከሆኑ። የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት ካለ ንገሪው፤ ለልብ የሚሰጠው ኒኮራንዲል፣ ለቁርጥማት የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት፣ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎችም አፍ ያቆስላሉ።

ስለ ቢ12 አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ላይ በቀን 1000 ማይክሮግራም ቢ12 ከምላስ ሥር እያደረጉ ለ6 ወር የወሰዱ ሰዎች ቁስለታቸው በጣም ቀንሶ ተገኝቷል፤ በደማቸው ውስጥ የቢ12 እጥረት ያልነበረባቸውም ጭምር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ለሁሉም ይሠራል አልልም። ቢሆንም ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መሞከሩን እደግፋለሁ። የተቀላቀለ መልቲቫይታሚን ዝም ብሎ መዋጥ ግን ለውጥ እንደማያመጣ በሌላ ጥናት ታይቷል።

ቻል_አርገው፦

እኔ ፔስትም ምንም አልጠቀምም። አስፕሪን ፈጭቼ ቁስሉ ላይ አደርጋለሁ። ለአፍታ ያቃጥላል፣ ከዚያ ሕመሙ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ሞክሩት።

የጥርስ_ሐኪም፦

እባካችሁ አትሞክሩት። አስፕሪን አሲድ ነው፤ የአፍን ሥጋ በቀጥታ ያቃጥላል። ቦታው ነጭ ሆኖ የተላጠ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሕመሙ የጠፋው ላዩ ላይ ያለው ሥጋ ስለሞተ ነው። ያ የሞተ ሥጋ ሲነሣ ከበፊቱ የሰፋ ቁስል ይቀራል። አስፕሪን ለሕመም ከሆነ ይዋጣል እንጂ አይነሰነስም። ደረቅ ጨው ቁስል ላይ መነስነስም እንዲሁ ነው፤ በውኃ በጥብጦ መጉመጥመጥ ይበቃል።

ስሜ_ይቆየኝ፦

እዚህ የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ለማንም አላወራሁትም። አፌ ውስጥ የሚወጣው ቁስል እንደ ጎህ ቀደደ ነው። ልዩነቱ ብልቴም ላይ ተመሳሳይ ነገር እየወጣ ይድናል፣ ጠባሳም ትቷል። የአባላዘር በሽታ ነው ብዬ በሐፍረት ዝም አልኩ። ፔስቱን አፌ ላይ እቀባለሁ፣ ትንሽ ይሻለኛል። ሰሞኑን ግን አንድ ዓይኔ ቀልቶ ብርሃን ማየት አስጠላኝ። ይሄ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

የጥርስ_ሐኪም፦

ወንድሜ ወይም እህቴ፣ መጻፍህ በጣም ጥሩ ነው፤ እዚህ ማንም አያፍርብህም። አዎ፣ ሊገናኝ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም። አፍ፣ ብልትና ዓይን አንድ ላይ ሲያምሙ የቤህቼት በሽታን እናስባለን። ሁሉሲ ቤህቼት የሚባሉ ቱርካዊ የቆዳ ሐኪም በ1937 እነዚህን ሦስቱን አንድ በሽታ ናቸው ብለው ስለገለጹ በስማቸው ይጠራል። በሽታው የደም ሥሮች ብግነት ነው። አይተላለፍም፣ የአባላዘር በሽታም አይደለም። ዓይን ሲነካ ግን ካልታከመ እይታን ሊያሳጣ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የዓይን ሐኪም ጋር ሂድ፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ጠዋት። “ዓይኔ ቀላ” ብቻ ብለህ እንዳትተወው፤ አፍህና ብልትህ ላይ የሚወጣውንም ንገረው፣ ካልነገርከው ሊያስበው አይችልም። እግርህ ላይ የሚያም እብጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ካለም ጨምረህ ንገረው። ቀጥሎ የቁርጥማትና የመገጣጠሚያ ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ይከታተልሃል። ኮልቺሲን አለ፣ ሌሎችም የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ፤ አፕሬሚላስት የሚባለው በአሜሪካ በ2019 ለዚሁ በሽታ የአፍ ቁስለት ተፈቅዷል። ፔስቱን ለአፍህ መቀባት ትችላለህ። ለዓይንህ ግን የሚሠራው ሌላ ሕክምና ነው፤ እሱን አታዘግየው።

ስሜ_ይቆየኝ፦

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። አመሰግናለሁ።

ደመ_ግቡ፦

አይዞህ/አይዞሽ። ሄደህ የሆነውን ብትነግረን ሁላችንም ደስ ይለናል፤ ባትነግረንም እንጸልይልሃለን።

የሦስት_ልጆች_እናት፦

ለጭንቀቴ የደረሳችሁልኝ ሁሉ ተባረኩ። ልጄ ሄርፒስ መሆኑ ተነግሮኝ የቫይረስ መድኃኒት በሽሮፕ ታዞለታል። ዛሬ ቀዝቃዛ ወተት ጠጣልኝ፣ ሽንቱም ተመልሷል።

ጎህ_ቀደደ፦

እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ።

የኔንም ልንገራችሁ። እንደተባልኩት ማድረቁን ያዝኩ። ከንፈሬን ገልብጬ በሶፍት ጫን ጫን አድርጌ፣ ፔስቱን ሳላሽ አስቀምጬ ስጫነው መጀመሪያ ሸካራ የነበረው በጣቴ ሥር ቀስ እያለ ለሰለሰና እንደ ሽፋን ተዘረጋ። ጠዋት ስነቃ ግማሹ እዚያው ነበር። ሕመሙም ቀንሶልኝ ሳላቃስት ቁርስ በላሁ። ደሜንም ሰጥቻለሁ፤ ሲቢሲው ደህና ነው፣ የፌሪቲኑንና የቢ12 ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። አሁን የወጣብኝ ከላንቃዬ ወደ ኋላ፣ እንጥሌ አጠገብ ነው። ጥጡን ወደዚያ ስልክ ያቅለሸልሸኛል፣ ማድረቅም አልቻልኩም። እዚያ እንዴት ነው የሚቀባው?

የጥርስ_ሐኪም፦

እዚያ አትታገዪ። ፔስት ለዚያ ቦታ አይመችም፤ ከያዘም በምትውጪበት ጊዜ አብሮ ይወርዳል። ለኋለኛው ላንቃና ለጉሮሮ አካባቢ የምናዘው በውኃ የሚሟሟ ስቴሮይድ ነው። ለምሳሌ የ500 ማይክሮግራም ቤታሜታሶን እንክብል ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር በሚሆን ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ያንን አፍሽ ውስጥ ይዘሽ፣ ራስሽን ወደ ኋላ ቀና አድርገሽ ሦስት ደቂቃ ያህል ትጉመጠመጪና ትተፊዋለሽ፤ አይዋጥም። ዴክሳሜታሶን በፈሳሽ መልክ የሚገኝበት ቦታ ላይም በተመሳሳይ መንገድ ይታዘዛል። ሁለቱም ያለ ማዘዣ የሚወሰዱ አይደሉም። ቁስሉ እስኪድን ብቻ ነው የምትጠቀሚበት፤ ካንዲዳ እንዳይነሣብሽም ሐኪምሽ ይከታተልሻል። የደም ውጤቱን ልትቀበዪ ስትሄጂ ያለበትን ቦታ አሳይተሽው ይዘዝልሽ። እስከዚያው ለብ ባለ የጨው ውኃ ተጉመጥመጪ፣ ትኩስና የሚያቃጥል ነገርም ይቆይሽ።

ጎህ_ቀደደ፦

ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው፤ አሳየዋለሁ። የፌሪቲኑን ውጤት እንዳገኘሁ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።